እቁብ ደርሶኛል፤ የላሞቼን መኖ አሁን በጅምላ ልግዛ ወይስ ልጠብቅ?

ባለላሟ ከገራዶ ፦ ግንቦት 11፣ 2018

ሰላም ለሁላችሁ። ከደሴ ነኝ፣ ገራዶ መስመር። ሦስት የሚታለቡ ድቅል ላሞች አሉኝ። አራተኛዋ እርጉዝ ናት፣ ነጥፋለች። ወተቱን ለሁለት ካፌና ለጎረቤት እሸጣለሁ። ቤታችን የሚተዳደረው በዚሁ ነው።

አምና ክረምት በመኖ ተሰቃየሁ። ሁልጊዜ ሁለት ሁለት ኩንታል ነበር የምገዛው፤ ያውም በዱቤ። በሐምሌ የፋጉሎው፣ ማለትም ኑግ ዘይቱ ሲጨመቅ የሚቀረው ተረፍ፣ ዋጋ ጨመረ። በነሐሴ ጭራሽ ጠፋ። ሁለት ሳምንት ያህል በፉርሽካና በገለባ ብቻ አቆየኋቸው። በቀን 31 ሊትር የነበረው ወተት 22 ገባ። ፋጉሎው ተመልሶ ከመጣ በኋላም ወደ ቦታው አልተመለሰም። አንዱ ካፌ ሌላ አቅራቢ ያዘ። ስንት ወር ለምኜ ነው መልሼ ያገኘሁት።

ዘንድሮ እንደዚያ መሆን አልፈልግም። ባለፈው ሳምንት እቁብ ደረሰኝ። ሃያ ኩንታል የኑግ ፋጉሎ ይገዛልኛል። የምገዛበት ነጋዴ «ክረምት ሲገባ ዋጋው አይቀመስም፣ አሁኑኑ ጫኚ» እያለ በየቀኑ ይደውላል። ባለቤቴ ደግሞ ይሄን ሁሉ ብር በአንድ ጊዜ መኖ ላይ ማፍሰሱን ፈርቷል። ማስቀመጫዬ ከማድ ቤቱ ጋር የተያያዘች ሦስት በአራት ሜትር የሆነች ክፍል ናት። አንደኛው ግድግዳዋ ክረምት ላይ ያልበዋል።

ልግዛ? ከገዛሁስ ምኑን፣ ስንት? እባካችሁ ራሳችሁ የሞከራችሁትን ንገሩኝ።

ሐርቡ ላይ የማደልብ ፦ ግንቦት 11

እህቴ እንኳን ደረሰሽ። እኔ በሬ ነው የማደልበው፤ ወተት ላይ ብዙ አላውቅም። ግን የምንገዛበት ገበያ አንድ ነው።

አረፋ የሚቀጥለው ሳምንት ነው። አሁን እኔን መሰሉ ሁሉ በሬውንም በጉንም ለመጨረሻ ጊዜ እያጠገበ ነው። ፉርሽካ እየተሻማን ነው የምንገዛው። በዓሉ ሲያልፍ የብዙዎቻችን በረት ባዶ ይሆናል። እኔ ባለፉት ዓመታት እንዳየሁት ከአረፋ በኋላ ባሉት ሁለትና ሦስት ሳምንታት ፉርሽካ ትንሽ ረገብ ይላል። ስለዚህ ፉርሽካውን በዓሉ እስኪያልፍ ተይው። የሳምንት ብቻ ያዢ።

ፋጉሎው ግን ሌላ ነው። ክረምት ላይ ሲረክስ አይቼው አላውቅም። እኔ ብሆን ሃያውንም ዛሬ እገዛለሁ።

የቦርከናው ፦ ግንቦት 12

እንኳን ደረሰሽ እህቴ። አብሽሪ፣ ጊዜ አለሽ። ነጋዴው የሚያጣድፍሽ ለራሱ ነው። አንቺ በሒሳብ ሂጂ።

እኔ ኮምቦልቻ ነኝ። ላም ማርባት ከጀመርኩ 14 ዓመቴ ነው። በሁለት ጀምሬ አሁን ዘጠኝ ደርሻለሁ። ከማወጣው መቶ ብር ስድሳው፣ አንዳንዴም ሰባው የሚሄደው መኖ ላይ ነው። ስለዚህ መኖ መቼ እንደምገዛ ከወተት ዋጋ በላይ ያሳስበኛል። የወተት ዋጋ በእጄ አይደለም። የምገዛበት ወር ግን በእጄ ነው።

የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የሐርቡ ወንድማችን ስለ ፉርሽካው ያለው ትክክል ነው። በፋጉሎው ግን አልስማማም። ሃያ ኩንታል አትግዢ።

መጀመሪያ ስንት እንደሚበሉ እንቁጠር። ለአንድ ሊትር ወተት ግማሽ ኪሎ ድብልቅ መኖ እንያዝ። 31 ሊትር ከሆነ 15 ኪሎ ተኩል ነው። ለነጠፈችው ሁለት ኪሎ ተኩል ጨምሪ። በቀን 18 ኪሎ ሆነ። በወር 5 ኩንታል ተኩል ገደማ ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ፋጉሎው ከመቶ 30 እጅ ቢሆን ነው። የቀረው ፉርሽካ፣ የተፈጨ በቆሎ፣ ጨውና ኖራ ነው። እንግዲህ የወር ፋጉሎሽ አንድ ኩንታል ከስድሳ ኪሎ ገደማ ነው።

በዚህ ስሌት ሃያ ኩንታል ላንቺ ስንት ወር ይሄዳል? አሥራ ሁለት ወር። እስከ መጪው ግንቦት ድረስ ነው። ይሄን ነጋዴው አልነገረሽም።

አሁን ወደ ወቅቱ እንምጣ። ኑግ የሚታጨደው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። ዘይት መጭመቂያዎች አዲሱን ኑግ በደንብ የሚይዙት ከጥር ጀምሮ ነው። ፋጉሎ በየመጋዘኑ የሚቆለለው ያኔ ነው። ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት የፋጉሎ ወራት ናቸው። ከዚያ በኋላ ኑጉ እያለቀ ይሄዳል፤ ፋጉሎውም እያደር ይወደዳል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ መንገዱም ጭቃ፣ ሣሩም ገና ያልደረሰ፣ ገለባውም ያለቀ ይሆናል። ሁሉም ሰው ፋጉሎ ላይ የሚወርደው በዚያ ሰዓት ነው።

ዛሬ ግንቦት ነው። ርካሹ ጊዜ አልፎሻል፣ ውዱ ጊዜ ገና አልመጣም። መሐል ላይ ነሽ። በመሐል ያለ ሰው የሚገዛው የጎደለውን ለመሙላት ነው። ለዓመት የሚገዛበት ጊዜ አይደለም።

ለሒሳብ እንዲመች አንድ ኩንታል ዛሬ 4,000 ብር ነው እንበል። በክረምት 4,800 ይግባ። ነጋዴው «በሃያ ኩንታል 16,000 ብር ታተርፊያለሽ» ይልሻል። እስቲ እንየው። ጥር ላይ አዲሱ ፋጉሎ ሲገባ ዋጋው ወደ 4,000 ይመለሳል ብንል፣ እስከዚያ ላሞችሽ የሚበሉት 13 ኩንታል ነው። ትርፉ ያለው በዚያ 13 ኩንታል ላይ ብቻ ነው። እሱም 10,400 ብር ነው። የቀረው ሰባት ኩንታል ምንም አላተረፈልሽም። ብርሽን ይዞ ተቀመጠ እንጂ። በላዩ ላይ በዚያች ግድግዳዋ በሚያልበው ክፍል ሦስት ኩንታል ቢሻግትብሽ 12,000 ብር ሄደ። ትርፉን በልቶ ከዋናውም ወሰደ ማለት ነው።

ይሄን በወረቀት አይደለም የተማርኩት። በ2011 ሰኔ ላይ አሥራ አምስት ኩንታል በአንድ ቀን አስገባሁ። ከመጭመቂያው እንደወጣ ነበር የመጣው፣ እጄን ስከተው ለብ ይላል። ትኩስ ነው፣ አዲስ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ሲሚንቶው ላይ እስከ ግድግዳው ድረስ ደረደርኩት። ነሐሴ ላይ የታችኛውን ረድፍ ስከፍት እንደ ድንጋይ ተጋግሯል። ውስጡ ነጭና አረንጓዴ ሆኗል። አራት ኩንታል ነበር። መጣል አንጀቴ እምቢ አለኝ። የተሻለ የመሰለኝን በወንፊት ነፍቼ ከፉርሽካ ጋር ቀላቀልኩት። ቡሬ የምላት ላም ነበረችኝ፣ ከሁሉም አብልጬ የማምናት። በሦስተኛው ቀን መብላት አቆመች። ዳነች፣ ግን የዚያ ዓመት ወተቷ እዚያው ላይ ቀረ። ያን አራት ኩንታል ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት። እስከ ዛሬ ሞቅ ያለ ፋጉሎ አልገዛም።

እና ምን ላድርግ ትዪኛለሽ። ሰባት ኩንታል ግዢ። ከሰኔ እስከ መስከረም ያደርስሻል። ሐምሌና ነሐሴን ትሻገሪያለሽ፤ አምና የጎዳሽ እሱ ነው። ሰባት ከረጢት በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ክፍሉ መሐል፣ ግድግዳ ሳይነካ ይቀመጣል። ሃያ ከረጢት ግን በዚያች ክፍል ግድግዳ ሳይነካ አይቀመጥም። ርብራቡ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ይበል። ፀሐይ በወጣ ቀን በሩን ከፍተሽ አናፍሺው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በየወሩ አንድ አንድ ተኩል ኩንታል እየገዛሽ ቆዪ። በጥር ትልቁን ትገዢያለሽ።

ፉርሽካን በተመለከተ፣ አታከማቺው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ክረምት ላይ ጉሙ ከቤት አይወጣም። ፉርሽካ ያንን እርጥበት ይጠጣል። እኛ ጋ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ሜትር ወርደናል፣ ይሞቃል፣ ነቀዝ አያስቀምጠንም። በበጋ የሁለት ወር፣ በክረምት የአንድ ወር ፉርሽካ ይበቃል። ዋጋው የሚወጣ የሚወርደው በወፍጮዎቹ ነው። ስንዴ ካለና መብራት ካለ ፉርሽካ አለ። መብራት ለአንድ ሳምንት ሲቆራረጥ ወይ ስንዴ ሲታጣ ወዲያው ይወደዳል። ስለዚህ የአንድ ወር ስንቅ ይኑርሽ። ሲታጣ የሚያቆይሽ ያህል።

ሌላም ልጨምር። ሰው ፉርሽካ ከፋጉሎ ይረክሳል ብሎ ወደ ፉርሽካ ያዘነብላል። በኩንታል አትመዝኚው። የኑግ ፋጉሎ ከመቶ ኪሎው ሠላሳው ገደማ ፕሮቲን ነው። ፉርሽካ አሥራ ስድስት ገደማ ነው። ፋጉሎ 4,000፣ ፉርሽካ 3,000 ቢሆን በፋጉሎ አንድ ኪሎ ፕሮቲን በ133 ብር ነው የምታገኚው፤ በፉርሽካ 187 ብር ይደርሳል። ለወተት የሚጎድላቸው ደግሞ ፕሮቲኑ ነው፤ ገለባ የለውማ። አምና ወተትሽ የወረደው በዚህ ነው። ቢሆንም ፋጉሎውን ከሲሶ አታሳልፊ።

የቀረውን ብር ግን አትበትኚው። ለጥቅምት ያዢው።

ባለላሟ ከገራዶ ፦ ግንቦት 12

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ሦስቴ ነው ያነበብኩት፣ ለባለቤቴም አነበብኩለት። የቡሬን ነገር ሳነብ ልቤ ተሰበረ።

ለጥቅምት ያዢው ያሉኝ ለሣር ነው? አንድ ሌላ የሚያሳስበኝም አለ። ሁዳዴ ላይ የወተት ገንዘቤ ይደርቃል። ጥር ላይ ትልቁን ፋጉሎ ግዢ ቢሉኝ ከምን ላወጣ ነው? ከጥር በኋላ ወዲያው ጾሙ ይገባል።

የቦርከናው ፦ ግንቦት 13

አዎ ለሣር ነው። ትልቁ ቁጠባ ያለው እዚያ ነው። ብዙ ሰው ግን የሚጨነቀው ለፋጉሎው ብቻ ነው።

እስቲ ቁጠሪው። አራት ላም በቀን ሰባት ሰባት ኪሎ ድርቆሽ ወይ ገለባ ትበላለች ብንል 28 ኪሎ ነው። በዓመት ከመቶ ኩንታል ያልፋል። ፋጉሎሽ በዓመት ሃያ ኩንታል እንኳ አይሞላም። በመቶው ላይ ትንሽ ብታተርፊ በሃያው ላይ ብዙ ካተረፍሽው ይበልጣል።

ሣር ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት ነው መታጨድ ያለበት። አበባ ሲይዝ፣ ግንዱ ገና ለስላሳ ሳለ። ያኔ ባለሣሩ ብር ይፈልጋል፣ ማስቀመጫ የለውም፣ ከማሳው ላይ ማንሣት ነው የሚፈልገው። ዋጋው ከዓመቱ ሁሉ ዝቅ የሚለው ያን ሰሞን ነው። ኅዳር ላይ የታጨደው ቢጫ ነው፤ ሆድ ይሞላል እንጂ ወተት አያወጣም። የካቲትና መጋቢት ላይ ደግሞ ያንኑ ቢጫውን በውድ ትገዢዋለሽ። ድርቆሽ ከፋጉሎ የሚለየው ደርቆ ከገባና ዝናብ ካልነካው ዓመት መቀመጡ ነው። የዓመት ግዢ የሚያዋጣው ለሱ ነው።

የዓመቱን ሁሉ አልችል ትዪኝ ይሆናል። ግማሹን ግዢ። 15 ኪሎ የሚመዝን እስር ከሆነ 340 እስር ገደማ ይሆናል። አራት በአራት ሜትር፣ ቁመቱ ሦስት የሆነ ዳስ ይይዘዋል። ጎኑ ክፍት ይሁን፣ ጣራው ብቻ ይሸፈን። ከዚያ ታኅሣሥና ጥር ላይ ከሐርቡና ከከሚሴ በኩል የማሽላ አገዳ ይመጣል፤ ከትፈሽ ብትሰጪያቸው የቀረውን ይሞላልሻል።

በ2014 ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ከተሞቻችን ድረስ ሲመጣ፣ መንገዱ ሲዘጋ፣ ወፍጮውም ሲቆም፣ ላሞቼን ያቆየልኝ በረቱ ኋላ የነበረው ድርቆሽ ነው። ወተቱ ቀንሶ ነበር። ግን አንዲትም አልሞተችብኝም። ከዚያ ወዲህ ድርቆሽ ላይ አልቆጥብም።

አሁን ስለ ጾሙ። ይሄ ጥያቄሽ ደስ አለኝ። እዚህ ወሎ ላይ ያለን ነገር ሁሉም ቦታ የለም። በ2017ም በ2018ም ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሰሞን ነው የገቡት። ጾመኛው ክርስቲያን ወተት ሲያቆም ለአፍጥር የሚገዛው ተካልኝ። ለዚህ ነው ባለፉት ሁለት ዓመታት ብዙ ያልተጎዳነው። ረመዳን ግን በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ቀድሞ ይመጣል። በ2019 ረመዳን የካቲት መጀመሪያ አካባቢ ገብቶ ወሩን ይዞ ይሄዳል። ሁዳዴ የካቲት 29 ይገባል። አንዱ ሲወጣ ሌላው ሲገባ ማለት ነው። ፋሲካ ሚያዝያ 24 ነው።

ይሄ ላንቺ ምንድን ነው? የካቲት ላይ የሁለቱም ደንበኛ ይኖርሻል። ክርስቲያኑም ገና ይጠጣል፣ ሙስሊሙም ለአፍጥር ይወስዳል። ከመጋቢት እስከ ፋሲካ ድረስ ደግሞ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ትልቁን ፋጉሎ በጥር አትጣደፊ። የየካቲትን የወተት ብር ሰብስበሽ ሁዳዴ ሳይገባ ግዢ። ፋጉሎው ያኔ ገና ርካሽ ነው፣ አየሩም ደረቅ ነው። ገንዘብሽና ገበያው የሚገጥሙበት ወር እሱ ነው። ስድስት ወር የሚያደርስሽን፣ አሥር ኩንታል ያህል።

እርጉዟ መቼ ነው የምትወልደው? ወደፊት የምታስጠቂያቸውን ቀን ቆጥረሽ፣ አንዷ ወይ ሁለቷ የሚነጥፉበት ሁለት ወር ሁዳዴ ላይ እንዲውል ሞክሪ። ገዢ በሌለበት ጊዜ ፋጉሎ አታባክኚም።

ዱቤውን ደግሞ ተይው። አምና ከወቅቱ ይበልጥ የጎዳሽ እሱ ይመስለኛል። በዱቤ የሚሸጥልሽ ሰው የሚጠብቅበትን ዋጋ ላይ ይጨምረዋል። ከረጢቱንም ከፍተሽ ለማየት አፍ የለሽም።

ሐርቡ ላይ የማደልብ ፦ ግንቦት 13

ጋሼ ሃያ ኩንታል ያልኩትን አንስቻለሁ። እኔ ሦስት ወር ነው የማደልበው፤ የገዛሁት በሦስት ወር ያልቃል። መሻገት የሚባል ነገር አይገጥመኝም። ለሷ እንደማይሆን አሁን ገባኝ።

አገዳ ለፈለገ ታኅሣሥ ላይ እኛ ጋ ሞልቷል። በጋሪ ከማሳ ስታወጪው ነው የሚረክሰው፤ ከተማ ከገባ በኋላ አይደለም።

ሐኪሟ ፦ ግንቦት 14

የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ እዚሁ ደቡብ ወሎ ነው የምሠራው። ስለ ሻጋታው አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም።

የኑግ ፋጉሎ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል። ላሟ ስትበላው ወደ ወተቷ ያልፋል። ወተቱን ማፍላት አያጠፋውም። አዲስ አበባ ዙሪያ በወተትና በመኖ ላይ በተደረገ ጥናት ብዙ አፍላቶክሲን የተገኘው የኑግ ፋጉሎ ውስጥ ነበር። ስለዚህ የሻገተውን ነፍቶ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቶ መስጠት አይሆንም። ሻጋታው ቢራገፍም መርዙ ይቀራል። ለዶሮም አትስጡት፣ ዶሮ ይበልጥ ይጎዳበታል። ጋሼ መቅበርዎ ትክክል ነበር። ያንን ወተት የሚጠጣው የጎረቤት ልጅ ነው።

ስትገዢ እጅሽን ከረጢቱ መሐል ድረስ አስገቢ። ሙቀት ካለው ተይው። ሽታው የዘይት እንጂ የሻጋታ ወይ የኮመጠጠ መሆን የለበትም። አንድ እፍኝ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጨምረሽ አማስዪና አስቀምጪው። አሸዋና አፈር ከተቀላቀለበት ታች ይዘቅጣል፣ ታዪዋለሽ። ለበቆሎ ደግሞ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ከደረቅ ጨው ጋር ጨምረሽ ናጪው። ጨው ከጠርሙሱ ጋር ከተጣበቀ በቆሎው ገና እርጥብ ነው፣ አታስቀምጪው።

አምና ወተቱ ለምን አልተመለሰም ላልሽው፣ መኖ በድንገት ሲቀየር ሆዳቸው ይታወካል። ፋጉሎ ሲጠፋም፣ ተመልሶ ሲመጣም በአንድ ቀን አትቀይሪ። ከሰባት እስከ አሥር ቀን እየቀላቀልሽ አሸጋግሪ። የወረደች ላም ደግሞ በዚያው እልበቷ ሙሉ በሙሉ ላትመለስ ትችላለች። ስለዚህ የሁለት ሳምንት እጥረት ዋጋው የሁለት ሳምንት ወተት ብቻ አይደለም። ሰባት ኩንታሉን ግዢ የምልሽ ለዚህ ነው።

ድርቆሽ ያጠረው ሰው ገለባን በዩሪያ ማከም ይችላል። ለመቶ ኪሎ ገለባ አምስት ኪሎ ዩሪያ በሰማንያ ሊትር ውኃ አሟምቶ፣ ረጭቶ፣ በላስቲክ አየር ሳይገባ 21 ቀን መዝጋት ነው። ከመስጠት በፊት አንድ ሌሊት ማናፈስ ያስፈልጋል። ከስድስት ወር በታች ላለ ጥጃ አይሰጥም። ዩሪያውን ብቻውን ወይ በውኃ በጥብጦ መስጠት ይገድላል። መጀመሪያ ሲሠራ ባለሙያ አጠገብ ቢኖር ደስ ይለኛል።

የኩታበሩ ፦ ግንቦት 14

እኔ ሣር ሻጭ ነኝ፣ ከኩታበር። ከሻጭ በኩልም ስሙ።

ጋሼ ያሉት እውነት ነው። ጥቅምት ላይ ብር ነው የሚያስፈልገን። ልጅ ትምህርት ቤት ገብቷል፣ እህሉ ገና አልተወቃም። ያኔ ብር ይዞ ለመጣ እንቀንሳለን። ጥር ላይ ግን አንቸኩልም።

ግን በእስር አትግዙ። እስር ልቅ ተደርጎ ይታሰራል፣ ጠብቆም ይታሰራል። አሥር ኪሎም አለ፣ አሥራ ስምንትም አለ። አምስት ስድስት እስር መዝናችሁ አማካዩን ያዙና በኪሎ ተስማሙ። እኔ ሚዛን ይዞ የሚመጣ ሰው አይከፋኝም። እስሩ መሐል እጅ አስገቡ። ሙቀት ካለው ሳይደርቅ የታሰረ ነው፤ ሻጋታ ብቻ ሳይሆን እሳትም ያስነሳል።

በእኛ በኩል በልግ ከያዘ የበልግ ገብስ ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ላይ ይታጨዳል። የገብሱ ገለባ ያን ሰሞን ይገኛል። ብዙ ሰው አያስበውም። ዝናብ ሳይመታው ከአውድማው ላይ ማንሳት ነው ዋናው።

ጭነቱ ነው የሚጎዳችሁ። ለብቻ አንድ አይሱዙ ከምትይዙ ደሴ ያላችሁ አራት አምስት ሆናችሁ ያዙ።

ባለላሟ ከገራዶ ፦ ግንቦት 17

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እናንተ ባትኖሩ ሃያውን ጭኜ ነበር።

ነጋዴዬ ጋ ሄጄ ከረጢት ከፍቼ ልይ፣ ሚዛንም ላይ ላውጣው አልኩት። እሺ አላለኝም። ሌላ ጋ ሄድኩ። ትናንት ከኮምቦልቻ ሰባት ኩንታል አመጣን። ከሁለት ጎረቤቶቼ ጋር ነው መኪናውን የያዝነው፣ ሐረጎን አብረን ወጣን። እያንዳንዱን ከረጢት መዘንን። አንዱ 91 ኪሎ ሆኖ ተገኘ፤ ተቀየረልን። ብርጭቆ ውኃውንም እዚያው ሞከርኩ፤ ታች የዘቀጠ አሸዋ አላየሁም።

ባለቤቴ ከባሕር ዛፍ ርብራብ ሠርቷል። ከመሬት ስንዝር ከምናምን ነው። አራቱም ጎን ሰው የሚዞርበት ያህል ክፍት ነው። ፉርሽካ የአሥር ቀን ብቻ ነው የያዝኩት፣ አረፋ እስኪያልፍ።

የቀረውን ብር በቁጠባ ደብተር አስገብተነዋል። ባለቤቴ ራሱ «የጥቅምት ሣር» ብሎ ስም አውጥቶለታል። እርጉዟ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ትወልዳለች። የኩታበሩ ወንድሜ፣ ጥቅምት ላይ ከአራት ሴቶች ጋር ሆነን ሚዛን ይዘን እንመጣለን። እዚሁ እጽፍልሃለሁ።

ጋሼ፣ አንድ የቀረኝ ጥያቄ። ለምትወልደዋ ፋጉሎ ከመቼ ልጀምርላት?

የቦርከናው ፦ ግንቦት 17

ሐምሌ መጀመሪያ ከሆነ ሰኔ አጋማሽ ላይ በትንሽ በትንሹ ከድብልቁ ጀምሪላት። አሁን ከምትሰጫት ሁለት ኪሎ ተኩል ላይ በየሁለት ሦስት ቀኑ ሩብ ሩብ ኪሎ ጨምሪ። ስትወልድ ሆዷ ለምዶት ይጠብቃል። ሐምሌ ላይ ወተቷ ሲጨምር የወር ፋጉሎሽም ይጨምራል። ስለዚህ ሰባቱ እስከ መስከረም መጨረሻ ላይደርስ ይችላል። ነሐሴ አጋማሽ ላይ የቀሩትን ከረጢቶች ቆጥረሽ ጻፊልኝ፣ አብረን እናሰላዋለን።

ከረጢቶቹ ላይ የገዛሽበትን ቀን በከሰል ጻፊባቸው። በኋላ የምትገዢው ከዚህኛው ጋር እንዳይምታታብሽ።